ካምቢዮው ሲወርድ እኛ የት ነበርን?

በዚህ መጽሔት ስለ ሀገር ዕድገት፣ ስለ ሥልጣኔና ስለ ወጣቱ ትውልድ ኀላፊነት ብዙ ተጽፏል፤ ወደ ፊትም ይጻፋል። እኔ ዛሬ ይዤ የቀረብሁት ጉዳይ ግን ቅባት የነካው ስለ ሆነ አንዳንዶቻችሁ ገጹን በሁለት ጣት አንሥታችሁ ታልፉት ይሆናል። ጉዳዩ የአንዲት አሮጌ መኪና ካምቢዮ መለወጥ ነው። «የኪነ ጥበብ ፋኩልቲ ተማሪ ከካምቢዮ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ቢኖር መልሴ አጭር ነው፤ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ይኸው ጥያቄ ነው።

አጎቴ በፍኖተ ሰላም ከተማ የሚኖሩ አነስተኛ ነጋዴ ናቸው። ሀብታቸው አንዲት ቶዮታ ላንድ ክሩዘር ናት፤ በ1977ቱ ረኀብ ጊዜ በየርዳታ ድርጅቱ ግቢ ቆማ ትታይ የነበረችው ዓይነት፣ ባለ አራት ማርሽ የናፍጣ መኪና። ዕድሜዋ የእኔን እጥፍ ሳይሆን አይቀርም። በሳምንት ስድስት ቀን በሽንዲና በቋሪት በኩል ወዳሉት የገጠር ገበያዎች ትወጣለች፤ ስትሄድ ጨው፣ ስኳርና ሳሙና፣ ስትመለስ በቆሎ፣ በርበሬና ድንች ትጭናለች። ምጥ የያዛትንም፣ ሙሽራውንም ታመላልሳለች። ስድስት ነፍስ የሚያድረው በእሷ ነው፤ እውነቱን ለመናገር እኔም እዚህ ተቀምጬ ስለ ሥነ ውበት የማነብበው በእሷ ኪራይ ነው።

ይህች መኪና ሦስተኛ ማርሽ መትፋት ጀመረች። በመጀመሪያ ነገሩ ቀልድ ይመስል ነበር። ቀልድነቱ ያበቃው አክስቴን ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ ስንወስድ፣ ከደጀን ወደ አባይ ድልድይ በምንወርድበት ጊዜ ነው። በዚያ ቁልቁለት ከአንድ ሺሕ ሜትር በላይ እንደሚወረድ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። መኪና እንዲህ ያለውን ቁልቁለት የሚወርደው በፍሬን ብቻ አይደለም፤ ከባድ ማርሽ ይገባና ሞተሩ ራሱ ጎማውን ይይዘዋል። ማርሹ ከወጣ ግን ሞተሩና ጎማው ይለያያሉ፤ ያን ጊዜ ሸክሙ ሁሉ በፍሬን ላይ ይወድቃል፤ ፍሬን ብዙ ሲያዝ ይግላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይይዝም። እኛም ላይ የደረሰው ይህ ነው። ማርሹ ዘለለ፤ መኪናዋ ፈጠነች፤ የፍሬኑ ሸራ ሽታ ውስጥ ድረስ ገባ። አክስቴ ማርያምን ትጠራለች። አጎቴ ሁለት ጊዜ ፍሪሲዮን ረግጠው፣ በመካከሉ ነዳጅ ሰጥተው፣ በግድ ሁለተኛ ማርሽ አስገቡ። ከዚያ እስከ ድልድዩ ድረስ የማርሹን ዘንግ በሁለት እጄ ይዤ የተቀመጥሁት እኔ ነበርሁ። ከዚያ በኋላ ለአራት ወር ያህል ያ ዘንግ ከከመነዳሪ በተቆረጠ የጎማ ጠፍር ከመቀመጫው ጋር እየታሰረ ተነዳ። አንባቢ ሆይ፤ የስድስት ሰው እንጀራ በአንድ ቁራጭ ጎማ ታስሮ ሲሄድ ማየት ምን እንደሚመስል እኔ ዐውቀዋለሁ።

ከሕክምናው መልስ በመጀመሪያ የሄድንበት ጋራዥ ስሙ ይቅር። ዘይቱን አወጡ፤ በጣም የወፈረ ሌላ ዘይት ጨመሩ፤ ዋጋ ተቀበሉ። ድምፁ ለሁለት ሳምንት ጠፋ፤ በሦስተኛው ሳምንት ከእነ ወንድሞቹ ተመለሰ። ከዚህ በኋላ አጎቴ «ቡሬ አንድ ልጅ አለ» የሚል ወሬ ሰሙና መኪናዋን በማንኩሳ በኩል ቀስ እያልን ወደ ቡሬ ይዘናት ሄድን።

«ልጅ» የተባለው ሰው ዕድሜው ወደ ዐርባ ይጠጋል። ትምህርቱ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። መኪናዋን አንድ ጊዜ ዙሪያውን ነድቷት ተመለሰና ሞተሩን ሳያጠፋ እንዲህ ሲል አስረዳን፦ በካምቢዮው ጀርባ ያለው ዘይት መያዣ ጎማ ካለቀ ቆይቷል፤ ዘይቱ ጠብ ጠብ እያለ አልቋል፤ በደረቁ የዞረው ኩሽኔታ ተበልቷል፤ ኩሽኔታው ሲበላ ዘንጉ ይወዛወዛል፤ ዘንጉ ሲወዛወዝ ማርሹን ጨብጦ የሚይዘው ጥርስ ጠርዙ ይከብባል፤ ጠርዙ የከበበ ጥርስ ደግሞ መጨበጥ አይችልም፤ ስለዚህ ሸክም ሲበዛበት ይለቃል። ምክንያትና ውጤትን እንዲህ በአምስት ዐረፍተ ነገር ሰንሰለት አድርጎ የሚያቀርብ ሰው እኔ በአንደኛ ዓመት የሎጂክ ክፍል አላጋጠመኝም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ውስጡን ለማደስ ዕቃው አይገኝም፤ ካምቢዮው በሙሉ መለወጥ አለበት ተባለ። በዚህ ጊዜ እኔ ዕውቀቴን ለማሳየት ዕድል አገኘሁ። ሌሊቱን በስልኬ ሳነብ ዐድሬ ነበርና «ባለ አራት ማርሹን ለምን በባለ አራት እንተካለን? ከኋላ የመጣው ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ እኮ ለዚህች መኪና ይስማማል፤ አምስተኛው ማርሽ 0.85 ያህል ስለ ሆነ በአራተኛ 100 ጊዜ የሚዞረው ሞተር በዚያው ፍጥነት 85 ጊዜ ብቻ ይዞራል፤ ናፍጣ ይቆጥባል፤ ሞተርም ያርፋል» ብዬ ንግግር አደረግሁ። አጎቴ በኩራት ተመለከቱኝ። መካኒኩ ግን ወደ እሳቸው ዞረና «አያ፤ አንቱ በሳምንት ስንት ቀን አስፋልት ላይ ይውላሉ?» ሲል ጠየቃቸው።

አጎቴ በጣታቸው ቈጠሩ። አስፋልት ላይ የሚያልፉት በሳምንት ከአንድ ቀን አይበልጥም። ቀሪው ኮረኮንች፣ ጭቃና ዳገት ነው፤ እዚያ ላይ አራተኛም ማርሽ የሚገባው በስንት አንዴ ነው። «የማይገባ ማርሽ ይገዛሉ?» አለ መካኒኩ። ቀጥሎም እኔ ያላነበብሁትን ነገረኝ፦ ባለ አምስቱ ካምቢዮ ቁመቱ ይረዝማል፤ እሱ ሲረዝም ከጀርባው ያለው ሪዶታ ወደ ኋላ ይገፋል፤ ሪዶታው ሲገፋ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው ዘንግ ማጠር፣ ወደ ፊት ጎማ የሚሄደው ደግሞ መርዘም አለበት። ዘንግ ተቈርጦ ሲበየድ ሚዛኑ ካልተስተካከለ ይንቀጠቀጣል፤ የተንቀጠቀጠ ዘንግ ክሮቼራውን ይበላል፤ ብሎም አዲሱን ካምቢዮ መልሶ ይገድለዋል። «ለአስፋልት ሰው ባለ አምስቱ ጥሩ ነው፤ ለአያ ግን ባለ አራቱ ይሻላቸዋል» ብሎ ነገሩን ዘጋው። እኔ የያዝሁት ቍጥር ስሕተት አልነበረበትም፤ ጥያቄው ግን ስሕተት ነበር። እኔ «የትኛው ካምቢዮ ይበልጣል?» ስል እሱ «ይህ ሰው የት ነው የሚነዳው?» ይላል። በየሴሚናሩ ስለ ሀገራችን ችግር ስንከራከር ከነዚህ ከሁለቱ የትኛውን ጥያቄ እንደምናበዛ እያንዳንዳችን ለራሳችን እንመልስ።

ተስማሚው ካምቢዮ የተገኘው አዲስ አበባ፣ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ነው። ዳሩ ግን ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ጦርነት ምክንያት መንገድ በየጊዜው ይዘጋ ስለ ነበር ዕቃው በመኪና ላይ ተጭኖ ሳምንታት ቆየ። ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት ነው፤ የሰላም መንገድ በተዘጋባቸው በእነዚያ ሳምንታት የአጎቴ መኪና ቆመች፤ ጨውና ሳሙና ወደ ገጠሩ አልወጣም፤ የገበሬው በርበሬም አልወረደም። ዕቃው ሲደርስ መካኒኩ ዝም ብሎ አልተቀበለውም። የመግቢያ ዘንጉን በእጁ እያዞረ እያንዳንዱን ማርሽ አስገብቶ አዳመጠ፤ ዘንጉን ወደ ላይና ወደ ታች ነቀነቀ፤ በውስጡ የቀረውን ዘይት በመዳፉ ቀብቶ ወደ ፀሐይ አየው፤ አንድ የድምፅ ማጉያ ማግኔት ዘይቱ ውስጥ ነክሮ አወጣ። ወርቅ የመሰለ ደቃቅ ዱቄት ብቻ ከታየ የነሐስ ቀለበቱ ተፈጥሯዊ እርጅና ነው፤ የማግኔቱን ጫፍ የያዘ የብረት ፍንክትካች ከተገኘ ግን ጥርስ ወይም ኩሽኔታ ተሰብሯል ማለት ነው። ማግኔቱ ንጹሕ ወጣ።

የለወጥንበትን ቀን ባጭሩ ልንገራችሁ። ካምቢዮው ከእነ ሪዶታው ከአንድ ኩንታል በላይ ይመዝናል፤ ማንሻ መሣሪያ ግን የለም። ሁለት ግንድ፣ ገመድ፣ አንድ ክሪክና አራት ሰው ነበርን። የባትሪው ሽቦ ተፈታ፤ ዘይቱ ተቀዳ፤ ዘንጎቹ ከመፈታታቸው በፊት እንደ ነበሩ እንዲመለሱ በመጋጠሚያቸው ላይ ምልክት ተደረገ፤ ሞተሪኖው ወረደ፤ ሞተሩ ከሥሩ በእንጨት ተደገፈ፤ ከዚያ ቡሎኖቹ ተፈቱና ካምቢዮው ወደ ኋላ እየተሳበ ወጣ። አንድ ጊዜ ትከሻዬ ደክሞ ለቀቅ አደረግሁና ክብደቱ በመግቢያ ዘንጉ ላይ ተንጠለጠለ። መካኒኩ እስከ ዛሬ በጆሮዬ ያለ ጩኸት ጮኸብኝ፤ ለካ እንዲያ ከተንጠለጠለ የፍሪሲዮኑ ሸራ ሊጣመም ይችላል፤ ሸራው ከተጣመመ ደግሞ የቀኑ ልፋት ሁሉ ከንቱ ነው።

ካምቢዮው ከወረደ አይቀር ብሎ የፍሪሲዮኑን ሸራና ኩሽኔታውን አዲስ አደረገ፤ የዘይት መያዣውን ጎማም ለወጠ፤ ምክንያቱም የጎማው ዋጋ ትንሽ ነው፤ እሱን ለመለወጥ ተብሎ ካምቢዮ ዳግመኛ የማውረዱ ድካም ግን ትልቅ ነው። ሸራውን ከመካከል ለማስተካከል ከኪሱ ያወጣው መሣሪያ ከወይራ እንጨት የተጠረበ ዱላ ነበር። ጫፉ ከካምቢዮው መግቢያ ዘንግ ጋር አንድ ዓይነት ነው። «ከየት አመጣኸው?» ብዬ ጠየቅሁት። «መምህሬ ነው የጠረበው፤ አሁን ሞቷል» አለኝ። ማታ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን መኪናዋ ተነሣች። ሦስተኛ ማርሽ ገባ፤ ገብቶም ቀረ።

ከዚህ በኋላ ያለው የእኔና የእናንተ ጉዳይ ነው። መካኒኩን «ይህን ሁሉ የጻፍኸው አለ?» አልሁት። ሣቀብኝ። መምህሩም አልጻፈም፤ የመምህሩም መምህር አልጻፈም። ከእነዚያ ሰዎች የቀረው አንድ የወይራ ዱላና ዕቃ የሚጠራበት ቃል ብቻ ነው። ቃሎቹን እስቲ አስተውሏቸው፦ ካምቢዮ በጣሊያንኛ ለውጥ ማለት ነው፤ ኩሽኔታ ትንሽ ትራስ ነው፤ ሞተሪኖ ትንሽ ሞተር ነው፤ ከመነዳሪ የአየር ክፍል ነው። አባቶቻችን ከባዕድ ወርክሾፕ በጆሮ ለቅመው፣ አጣጥመው፣ የአማርኛ ልብስ አልብሰው ያስቀሩት ቃል ነው። የቋንቋ ተማሪዎች ነን ከምንለው መካከል እነዚህን ቃሎች በየጋራዡ ዞሮ ለመሰብሰብ ያሰበ ስንት ነው? እኔ አላሰብሁም ነበር። ወደ ቡሬ ስንሄድ ማንኩሳን ሳይ ትዝ ያለኝ የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ታሪክ መነሻ መሆኗ ነው፤ ሐዲስ ዓለማየሁ ያን መጽሐፍ በ1958 ዓ.ም. አውጥተው ማንኩሳን ለሁላችንም አሳወቁን። በዚያው መንገድ ዳር ከመኪና ሥር ተኝቶ የሚውለውን ሰው ግን የሚያሳውቀን አልተገኘም።

ለዚህ ምክንያቱ የቆየ ንቀት ነው። ዐፄ ምኒልክ ብረት ሠሪውንና ሸማኔውን በሙያው መስደብ እንዲቀር ያወጁት በ1900 ዓ.ም. ነው፤ የመጀመሪያዪቱ አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባችውም በዚያው ዓመት ነው። አውቶሞቢሏን ወዲያው ተቀበልናት፤ ዐዋጁን ግን እስከ ዛሬ በልባችን አልተቀበልነውም። ስድቡ ቀርቶ ይሆናል፤ ቦታውን የያዘው ግን «ያልተማረ» የምትለው ቃል ናት። «ሥራን ለሠሪው፣ እሾህን ላጣሪው» ብለን እንተርታለን፤ ከዚያም ሠሪውንም ዐጣሪውንም ስሙን ሳንጠይቅ እናልፋለን።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣ ዐውቃለሁ። አንደኛው «ዘመኑ አልፎበታል» የሚለው ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ዐዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ግብር ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ ከሚሠራ በቀር የቤት መኪና እንዳይገባ መንግሥት ውሳኔውን አስታወቀ፤ የኤሌክትሪክ መኪና እንዲህ ያለ ካምቢዮ የለውም፤ ታዲያ ይህ ሁሉ ጽሑፍ ለምኑ ነው? ይባላል። እኔ ግን ነገሩን በተቃራኒው እመለከተዋለሁ። አዲስ የነዳጅ መኪና የማይገባ ከሆነ ያለው አሮጌ መኪና ዕድሜው ይረዝማል እንጂ አያጥርም። መብራት ባልደረሰበት ገጠር በቆሎውንና በሽተኛውን ገና ለብዙ ዓመት የሚያጓጉዙት እነዚሁ አሮጌዎች ናቸው። እነሱም አንድ ቀን ቢያልፉ፣ የኤሌክትሪኩንም መኪና ከፍቶ፣ አዳምጦ፣ ምክንያቱን ከውጤቱ ለይቶ የሚጠግን ሰው ያስፈልጋል። ያን ሰው የሚያፈራው የቡሬው መካኒክ ያሳየኝ ዓይነት አስተሳሰብ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ይህ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ሥራ ነው» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ባሕር ዳር ውስጥ በሶቭየት ኅብረት ርዳታ ፖሊ ቴክኒክ ከተቋቋመ ከ1955 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ባለሙያ ወጥቷል፤ ዛሬም በየከተማው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አለ። ዳሩ ግን ካምቢዮ ማውረድ የእነሱ ሥራ ከሆነ፣ ማውረዱን በአማርኛ አጣርቶ መጻፍ የማን ሥራ ነው? ቃሉን መልቀም፣ ሰውዬውን ጠይቆ መመዝገብ፣ ተለማማጁ አንብቦ የሚገባውን ዐረፍተ ነገር ማበጀት የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ሥራ አይደለምን? እኛ ይህን ካልሠራን «ኪነ ጥበብ» ከሚለው ከፋኩልቲያችን ስም ውስጥ «ኪን» የሚለውን ቃል ብንፍቀው ይሻላል፤ ኪን በግዕዝ የእጅንም ሙያ ይጨምራልና።

ከነቀፋ ወደ ተግባር እንለፍ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዚህ ሀገር የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት እየወጡ ያገለግሉ ነበር። እኔ አንድ ዓመት አልጠይቅም። በሚመጣው ክረምት ወደየቤቱ የሚሄድ ተማሪ ሁሉ በሰፈሩ ካለ አንድ ባለ እጅ ዘንድ ዐሥር ቀን ይዋል፤ መካኒክም፣ ወፍጮ ጠጋኝም፣ ሸማኔም፣ ቀጥቃጭም ቢሆን። የዕቃውን ስም፣ የሥራውን ቅደም ተከተልና «ይህን ካላደረግህ ይህ ይበላሻል» የሚለውን ምክር ዐሥር ገጽ ይጻፍ። የጻፈውንም ለባለሙያው አንብቦለት ያሳርመው። ማኅበራችን ይህን መጽሔት የሚያባዛበት ማባዣ መኪና አለው፤ ዐሥሩን ገጽ አባዝቶ ወደ መጣበት ከተማ ቢልከው የሚወጣው ወጪ ለአንድ የዳንስ ምሽት ከምናወጣው አይበልጥም። የመጀመሪያውን ዐሥር ገጽ እኔ ጀምሬዋለሁ፤ ስድስተኛው ገጽ ላይ ደርሻለሁ፤ ሪዶታው ከካምቢዮው የሚለይበትን ክፍል በደንብ ስላልተረዳሁት ቡሬ ተመልሼ መጠየቅ አለብኝ።

በመጨረሻም አንድ ኀፍረቴን ልናዘዝ። ከቡሬ ወደ ዩኒቨርሲቲው በተመለስሁ ሰሞን የካምቢዮ ዘይት ሽታ ከእጄ ለቆ አልወጣም ነበር። በምግብ አዳራሽ ከጎኔ የተቀመጠ አንድ ጓደኛዬ «ምን ይሸታል?» ሲል ጠየቀ። እኔም እጄን ከጠረጴዛው በታች ደብቄ «እኔ እንጃ» አልሁ። ያ እጅ የአክስቴን ሕይወት ያቆየውን የማርሽ ዘንግ የያዘ እጅ ነበር፤ ለጊዜውም ቢሆን ሠርቶ የዋለ እጅ ነበር። በትምህርት ቤት ከቆየሁባቸው ዓመታት ሁሉ በዚያች ቅጽበት ያህል ያልተማርሁ ሆኜ አላውቅም። ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ በሚመጣው መስከረም በዚያው ጠረጴዛ ስንገናኝ «ምን ይሸታል?» ተብሎ ሲጠየቅ እጃችንን አውጥተን የምንመልስ እንድንሆን እመኛለሁ።